ከደብዳቤው በታች

አቶ ቢተው ያዩትን ነገር ደግመው ካላዩ አያምኑም፤ ደግመው ካዩት በኋላም ለማንም አይናገሩም። ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚያስገባው መንገድ ዳር በነበረው የእህል ማጓጓዣ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የመጣ ጊዜ፣ የጽሑፍ ክፍል ተቆጣጣሪ ሆነው የተመደቡት በዚህ ጠባያቸው ነው። ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ትምህርታቸውም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን የተሰጣቸው ሥራ ማሽኑን ማወቅ ሳይሆን፣ ማሽኑ ፊት የሚቀመጠውን ሰው ማወቅ ነበር። ዘመኑ የማባዣ መኪና እንደ ጠመንጃ የሚቆለፍበት ዘመን ነው። በሰሜን ጦርነቱ ከፍቷል። በከተማው ሰው ከሰው ጋር ከማውራቱ በፊት ግራና ቀኙን ያያል።

ማሽኑን ገጥሞ የሄደው አንድ ህንዳዊ ባለሙያ ነው። ዋናው ሣጥን በኃላፊው በጓድ መኩሪያ ክፍል ተቀመጠ። ከሣጥኑ ሁለት ስክሪኖች በሽቦ ተስበዋል፤ አንዱ እዚያው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላው ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ጸሐፊዋ ትበርህ ጠረጴዛ ላይ።

ትበርህ የዓዲግራት ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጀ ፈጣን። ቦሌ ሚካኤል ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሥራዋን የሚነቅፍ አልነበረም፤ አገሯን ግን ሁሉም ያስታውሳል።

ጓድ መኩሪያ ለወደብ ሥራ ወደ አሰብ ከመሄዱ በፊት አቶ ቢተውን ጠርቶ ነገሩን አስረዳቸው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ሱፉ የማይጨማደድ፣ ሲናገር እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ የሚያደርግ ሰው ነው።

«ጋሼ ቢተው፣ በዚህ ማሽን ሁለት ነገር ይሠራል፤ መጻፍና ማዘዝ። ጸሐፊዋ መጻፊያው ውስጥ ገብታ ደብዳቤ ትጽፋለች። ማሽኑን ፈልግ፣ አትም፣ ላክ፣ አጥፋ ብሎ የሚያዘው ግን እኔ ብቻ ነኝ። የእሷን ስክሪን ሲከፍቱት በቀጥታ መጻፊያው ውስጥ እንዲገባ አድርጌዋለሁ። ማዘዣውን አታገኘውም።»

«ብታገኘውስ?»

«አታገኘውም አልኩ እኮ።»

«እሺ» አሉ አቶ ቢተው። አላመኑም።

ጓድ መኩሪያ ክፍሉን ቆልፎ ሄደ። አቶ ቢተው ወንበራቸውን ከትበርህ ጀርባ ወደ ጎን አስጠግተው ተቀመጡ። የፈረንጅኛውን ፊደል ይለያሉ እንጂ ንባቡ አይቀናቸውም። ስለዚህ ስክሪኑን ትተው እጇን ማየት ያዙ። ጣቶቿ ሲሄዱ ጽሑፉ ይሄዳል፤ ሲቆሙ ይቆማል። ይህን አውቀው ልባቸው ትንሽ አረፈ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ከደጅ ሲመለሱ፣ ስክሪኑ መሐል ለመሐል በመስመር ተከፍሎ አገኙት። ከላይ የሚያውቁት ደብዳቤ አለ። ከታች ሌላ ነገር ተከፍቷል። ትበርህ አጭር ቃል ጻፈችና እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። ጽሑፉ ግን አልቆመም። ማንም ሳይነካው መስመር በመስመር እየተደረደረ ወረደ።

«ይህን ማነው የሚጽፈው?» አሉ ከጀርባዋ።

ደንግጣ ዞረች። «የቱን ጋሼ?»

«የታችኛውን። እጅሽ ቆሟል፤ ጽሑፉ ይሄዳል።»

«ማሽኑ ነው። ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለኮምቦልቻ መጋዘን የጻፍነው ደብዳቤ የት እንደተቀመጠ።»

«ማዘዣውን አግኝተሽዋል ማለት ነው።»

«ጓድ መኩሪያ የፊቱን በር ነው የዘጉት። መጻፊያው ራሱ በውስጡ በር አለው። ከደብዳቤው ሳልወጣ፣ እዚያው በታች ማዘዣውን እከፍታለሁ። ህንዱ ነው ያሳየኝ።»

«ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ግን ጋሼ፣ እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ደብዳቤዎቹን ማን ሲያትማቸው የከረመ ይመስልዎታል?»

አቶ ቢተው ጥግ ላይ ወዳለው ፕሪንተር ዞሩ። እውነት ነው። ማዘዝ የሚችለው አንድ ሰው አሰብ ነው፤ ክፍሉ ተቆልፏል፤ ወረቀቱ ግን በየቀኑ ከፕሪንተሩ እየወጣ በእጃቸው አልፏል። እጇን ሲጠብቁ ይህን አላዩም። በራሳቸው ተናደዱ፤ ንዴታቸው ግን የወጣው በእሷ ላይ ነው።

«እኔን ልታታልዪ!»

«ምኑን አታለልኩ? ብደብቅዎ ኖሮ በእርስዎ ፊት ባልከፈትኩት። እዚህ ውስጥ ሲታዘዝ እኮ ምንም አይደበቅም። እኔ ያዘዝኩትም፣ ማሽኑ የመለሰውም እንደ ደብዳቤ ተጽፎ ይቀራል። ይኸው፣ ወደ ላይ ልመለስ…» ቁልፍ ነካች፤ የትናንቱ፣ የከትናንት ወዲያው ትእዛዝ ከነመልሱ እየተንሸራተተ ታየ። «የፈለግሁትን ከመልሱ ቆርጬ ደብዳቤው ውስጥ አስገባዋለሁ። ጓድ መኩሪያ ክፍል ግን ስክሪኑ ሞልቶ ካለፈ አለፈ ነው።»

«ተጽፎ ይቀራል?»

«ካልሰረዝኩት።»

«አትሰርዢ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ። ምኑንም ማንበብ አልቻሉም፤ በስተግርጌው ካለች አንዲት ቁጥር በቀር። ያቺን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ጠምደዋታል። ሰዓት ናት። የእጅ ሰዓታቸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲል፣ እሷ ዘጠኝ ትላለች።

«በእርግጥ የምታዢው ከሆነ፣ ይህን ውሸታም ሰዓት አስተካክዪው።»

«ውሸታም አይደለም ጋሼ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።»

«እዚህ ቤት ፈረንጅ አለ? እኔ መቼ ገባሽ መቼ ወጣሽ የምለው በእኔ ሰዓት ነው። ማሽኑ ሌላ እያለ እንዴት ነው የምቆጣጠረው? አስተካክዪ።»

«ይህን ለማዘዝ ትልቁ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል።»

«የለሽም ማለት ነው?»

ትበርህ ወደ በሩ አየች። «አለኝ» አለች በዝግታ። «ህንዱ ለጭንቅ ጊዜ ብሎ ሰጥቶኛል።»

አቶ ቢተው ከንፈራቸውን ነከሱ። ይህች ልጅ የቤቱ ሁሉ ቁልፍ በእጇ ነው።

«ዞር ይበሉልኝ» አለች። «እዚህ ውስጥ የይለፍ ቃሉም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ፊት ለፊት ነው የሚታየው።»

«አልዞርም።»

ከንፈሯ ላይ ፈገግታ ቢጤ መጣና ጠፋ። ጻፈች። ከታች ያለችው ቁጥር ከዘጠኝ ወደ ሦስት ዘለለች። አቶ ቢተው የእጅ ሰዓታቸውን አስጠግተው አመሳከሩ። ልክ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዙ የኖሩት በሬንና ሰውን ነው፤ ማሽን ሲታዘዝላቸው ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ደስ አላቸው፤ ደስ ስላላቸውም ፈሩ።

ትበርህ አንዲት መስመር አጥፍታ እጇን ሰበሰበች።

«ምን ሰረዝሽ? አትሰርዢ አላልኩም?»

«የይለፍ ቃሉን ብቻ። እሱ ተጽፎ ቢቀር ሁለታችንንም ያስጠይቀናል።»

ሁለታችንንም ማለቷን አልወደዱትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥርጣሬያቸው ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አንዲት መስመር የሰረዘች ሌላም መሰረዝ ትችላለች፤ ደጅ ቆይተው ሲገቡ የስክሪኑን የታችኛውን መስኮት ከላይኛው ይልቅ ሰፍቶ የሚያገኙበት ቀን አለ። ጠዋት ስትገባ ዓይኗ ይቀላል። ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አታነሳም። ሻይ የምታዞረው መኪያ፣ «ጋሼ ቢተው፣ ልጅቱን እንዲህ አፍጥጠው ካዩዋት ወይ ያግቧት ወይ ይተዋት!» ብላ ስትቀልድባቸው እንኳ አልሳቁም። ቢሆንም ለማንም አልተናገሩም። ኃላፊው የለም። ደግሞ የማሽኑን ሰዓት ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ጓድ መኩሪያ ከአሰብ ጠቁሮ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት አቶ ቢተውን አስጠርቶ በሩን ዘጋ። የእሱ ስክሪን ጥቁር ነው፤ ትእዛዝና መልስ ብቻ የሚታይበት። መጻፊያውን የጸሐፊ መጫወቻ ይለዋል፤ ከፍቶትም አያውቅም። ስለዚህ በእሱ ስክሪን ግርጌ ሰዓት የለም።

«ይቀመጡ። እዚህ መሥሪያ ቤት ሌሊት ሥራ አለ ወይ?»

«ሌሊት? የለም። ሰዓት እላፊ እያለ?»

«እሱን ነው የምልዎ። ማሽኑ እያንዳንዱ ጽሑፍ በስንት ሰዓት እንደተጻፈ ያስቀምጣል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስመረምር ዋልኩ። እኔ አሰብ ከሄድኩ ከጥቂት ቀን ወዲህ ግማሹ ደብዳቤ የተጻፈው ሌሊት ነው። ሌላው ግማሽ ረፋድ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ የተጻፈ አንድም የለም። ገባዎ? ሌሊት ይሠራሉ፣ ቀን ያንቀላፋሉ!»

አቶ ቢተው ስንት ቀን የጠረጠሩት ነገር ይኸውና ወጣ። አፋቸው ቀደማቸው።

«ጠዋት ስትገባ ዓይኗ ይቀላል» አሉ።

«የማን?»

«የትበርህ።»

ጓድ መኩሪያ እርሳሱን መታ መታ አደረገ። «እኔም ሌላ ሰው አላሰብኩም። የግቢው ቁልፍ ሌሊት በማን እጅ ነው?»

«በዘበኛው፣ በዋቅቶላ።»

«ሁለቱም ይጠሩልኝ። ካናገርኳቸው በኋላ ለደኅንነት እደውላለሁ። መጥተው ይውሰዷቸው። የእርስዎ ቃል ያስፈልገኛል፤ ዓይኗን ያሉትን እዚያ ይደግሙታል።»

አቶ ቢተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ዘመን ለደኅንነት ተደውሎ የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዋቅቶላ መጣ። ሌሊቱን ጠብቆ ሊተኛ ሲል የጠሩት፣ ካፖርቱን አንድ እጅጌ ብቻ ያጠለቀ ግዙፍ ሰው ነው። ነገሩ ሲነገረው ሳቀ።

«ጌታው፣ ሌሊት እዚህ ግቢ የሚገባው ድመት ብቻ ነው። እሱም ጸሐፊ አይደለም።»

«ቀልድ አይደለም ጓድ ዋቅቶላ! ለማን ነው የከፈትከው?»

ሳቁ ጠፋ። «ለማንም። በልጆቼ እምላለሁ፣ ለማንም።»

ትበርህ ገባች። ቆመው ያሉትን አየች፤ ወደ ጓድ መኩሪያ እጅ የተጠጋውን ስልክ አየች።

«ጓዲት ትበርህ» አለ ጓድ መኩሪያ፣ «ሌሊት ማን ያስገባሻል?»

«የት?»

«እዚህ! አትገረሚ። ማሽኑ ይናገራል። ይኸው፣ ያለፈው ረቡዕ። ለናዝሬት መጋዘን የተጻፈ ደብዳቤ። ማሽኑ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ይህ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። በሰዓት እላፊ! ስንዴው በስንት መኪና እንደሚጫን፣ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚናገር ደብዳቤ። ለማን ነው የምታቀብዪው?»

ረቡዕ። አቶ ቢተው ረቡዕን ያስታውሳሉ። መኪያ ሻይ ያዘገየችበት ቀን ነው። ተቆጥተው የእጅ ሰዓታቸውን እያሳዩ፣ «ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆነ እኮ!» ብለዋት ነበር። እሷም ስትጣደፍ ብርጭቆውን ከኪቦርዱ ጎን ደፋችው፤ ትበርህ ያንኑ የናዝሬት ደብዳቤ ትታ ጠረጴዛውን በነጠላዋ ጠረገች። ሦስት ሰዓት ከሃያ። ከጠዋቱ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሻዩ ላይ ስታበራ አይተዋል።

ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተገለጠላቸው። ማሽኑ የሚቆጥረው በእኛ ሰዓት ነው፤ ጓድ መኩሪያ የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሌሊት የሚባል ነገር አልነበረም። ሌሊቱን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው።

ወደ ትበርህ አዩ። እሷም እያየቻቸው ነበር። ገብቷታል። ግን አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች አወቁ። ሰዓቱን ቀይሬዋለሁ ብትል የተከለከለውን ማዘዣ ከፈትኩ ማለቷ ነው። አቶ ቢተው አዘውኝ ነው ብትል፣ እሳቸው ከካዱ ነገሩ በእሷ ላይ ይብሳል። እና ማን ያምናታል? እሳቸው ራሳቸው ሲያምኗት አያውቁም። ጠበቀቻቸው።

ጓድ መኩሪያ ስልኩን አንሥቶ ቁጥር ማዞር ጀመረ።

«ስልኩን ያኑሩት» አሉ አቶ ቢተው።

«ምን አሉ?»

«ያኑሩት። ሌሊት የገባ ሰው የለም። ሦስት ሰዓት ከሃያ ከጠዋቱ ነው። ማሽኑ የሚለው የሐበሻ ሰዓት ነው።»

«ማሽን የሐበሻ ሰዓት አያውቅም፣ ጋሼ።»

«አሁን ያውቃል። እኔ አዝዤ ነው የተቀየረው።»

ዋቅቶላ ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቀ።

«እርስዎ? በምን አዘዙ?»

«በእሷ ስክሪን። ከደብዳቤው በታች ማዘዣው ይከፈታል። እሱንም አውቃለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። እርስዎ በሌሉበት ደብዳቤው ሲታተም የከረመው በዚያ ነው። ሰዓቱን አስተካክዪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እሷማ ልክ ነው ብላኝ ነበር።»

የጓድ መኩሪያ ፊት ቀላ። «ማዘዣው ከመጻፊያው ውስጥ?» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ተነሥቶ ወደ ጽሑፍ ክፍል ሄደ፤ ሁሉም ተከተሉት። ትበርህ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ስክሪኑን ከፈለችው። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ተመለሰች። ያ ትእዛዝ ከነመልሱ እንደተጻፈ ቆሟል። ከእሱ በላይ የተሰረዘችው መስመር ቦታ ባዶ ነው።

«ይህ ማስረጃ አይሆንም» አለ ጓድ መኩሪያ። «ይህ የጽሑፍ ገጽ ነው። እዚህ ላይ የተጻፈውን ያሻው ሰው ይሰርዛል፤ ያልነበረውንም አሁን ይጽፈዋል። ማሽኑ መለሰ የምትሉት እናንተ የጻፋችሁት ቢሆንስ?»

አቶ ቢተው በዚህ አልተቀየሙም። እሳቸውም ስንት ቀን ያሰቡት ይህንኑ ነው።

«ልክ ነዎት» አሉ። «ገጹን አይመኑ። እኛንም አይመኑ። እዚያ በእርስዎ ስክሪን ይቀመጡ። እሷ አሁን አንድ ቃል ትጻፍ፤ የእርስዎ ማሽን በስንት ሰዓት ተጻፈ እንደሚል ይዩ። ከዚያ በመስኮት ፀሐይን ይዩ።»

ጓድ መኩሪያ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ትበርህ አንድ ቃል ጽፋ አስቀመጠች። ምን እንደጻፈች ማንም አልጠየቃትም። ከወዲያኛው ክፍል የእርሳሱ መታ መታ እንኳ አልተሰማም።

አቶ ቢተው ሄደው በሩ ላይ ቆሙ። ጥቁሩ ስክሪን ቃሉ የተጻፈው አምስት ሰዓት ከአሥር ነው ይላል። በፈረንጅ ከሆነ ገና ሊነጋ ሲል ነው። ከመስኮቱ ውጭ የረፋዱ ፀሐይ የጭነት መኪናዎቹን ሸራ ያግለዋል፤ የወሎ ሰፈር ታክሲዎች ጥሩምባ ይሰማል። ጓድ መኩሪያ የእጁን ሰዓት አየ፣ የአቶ ቢተውን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

ስልኩን መልሶ አላነሳም። ሪፖርት ቢደረግ፣ ቀኑን ሌሊት ብሎ ያነበበው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ይህን እሱም አሰበው፤ አቶ ቢተውም እንዳሰበው አዩ።

«ጓድ ዋቅቶላ፣ ሂድ ተኛ» አለ በመጨረሻ። «ሰዓቱ ዛሬውኑ ይመለሳል። የይለፍ ቃሉ ይቀየራል። ያ የታችኛው መስኮት እንዳይከፈት አደርገዋለሁ። ማተም የፈለገ እዚህ መጥቶ በር ያንኳኳል።» ቀና ብሎ አቶ ቢተውን አየ። «እርስዎ ከነገ ጀምሮ በር ላይ ነዎት። ሲወጡ ቦርሳ መፈተሽ።»

«እሺ» አሉ አቶ ቢተው።

ዋቅቶላ ሲወጣ ትከሻቸውን ያዝ አደረገ። «ጋሼ፣ እኔን እኮ ከድመቱ ጋር ሊያስሩኝ ነበር» አለ።

በማግስቱ አመሻሹ ላይ ሠራተኛው ሲወጣ አቶ ቢተው በሩ ላይ ቆመው ቦርሳ ፈተሹ። ትበርህ ከኋላ መጣች። ሳትጠየቅ ቦርሳዋን ከፈተች። ሌላ ሰው ቢሆን እለፊ ይላት ነበር። እሳቸው እጃቸውን እስከ ታች ሰደዱ። የተጠቀለለ ነጠላ፣ የሻይ እድፍ ያለበት። ከሥሩ ትንሽ ጠርሙስ። አውጥተው ወደ ብርሃን አነሱት።

«የእናቴ ነው» አለች። «ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል። አብሬያት አድራለሁ።»

አቶ ቢተው ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ዓይኗ ይቀላል ያሉት ትዝ አላቸው። ክዳኑ መጥበቁን ሞክረው፣ በነጠላው ጠቅልለው መለሱላት።

«ሰዓቱን መለሱት?»

«መለሱት። ዛሬ አንድ ደብዳቤ ለማሳተም ሦስት ጊዜ በር አንኳኳሁ።» ቦርሳዋን ዘጋች። «ጋሼ፣ አሁንም ይጠረጥሩኛል?»

የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

«ነገም እፈትሻለሁ» አሉ። «ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ እስክትታጠፍ ድረስ ከኋላዋ አዩ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ።

«ቦርሳ» አሉ።